ሦስት ፈረስ የተጻፈበት ካርቶን፦ በቤት ወርክሾፕ የኮምፕሬሰርን አቅም ስለ መመዘን

አጎቴ ኮልፌ በሚገኘው የመኖሪያ ግቢው፣ ቀድሞ ሰርቪስ ቤት በነበረችው ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሳጥንና የኩሽና ካቢኔት ይሠራል። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ሲደርሰው ከገንዘቡ አብዛኛውን አውጥቶ አንድ ኮምፕሬሰር ገዛ። በካርቶኑ ላይ በትልቅ ቀይ ጽሑፍ «3 የፈረስ ጉልበት» የሚል ታትሟል፤ ከሥሩም 50 ሊትርና 8 ባር የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ሻጩ ካሳየው ሦስት መሣሪያዎች መካከል ይህን የመረጠበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ ጉልበት 2 ሲሆን የዚህኛው 3 ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ያለ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ የአንድ ቁም ሳጥን ሁለት በሮችን ቫርኒሽ መቀባት ነበር። መርጫው ለሁለት ደቂቃ ያህል በደንብ ሠራ። ከዚያ የግፊት መለኪያው መርፌ ቁልቁል መውረድ ጀመረ፤ እንደ ጉም ይወጣ የነበረው ቫርኒሽ ወደ ጠብታነት ተለወጠ፤ የበሩም ገጽ ተጠቃጠቀ። አጎቴ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ደገመው፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው አልተሻለም። የቀጠሮው ቀን ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደንበኛው ቀብዱን አስመለሰ። አጎቴም «አንተ የምታጠናው ስለ ሞተር አይደል እንዴ? ና እስቲ ይህ ነገር ምን እንደ ጎደለው እይልኝ» ብሎ ደወለልኝ።

ሄጄ ሳየው የተበላሸ ነገር አላገኘሁም። ቫልቮቹ ይዘጋሉ፤ ቱቦው አያፈስስም፤ ሞተሩ ያለ እንከን ይዞራል። መሣሪያው በተሠራበት ልክ እየሠራ ነበር። ስሕተቱ የተፈጠረው ግዢው ላይ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው በማይመዘንበት ቁጥር በመመዘኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ቀላል ለሚመስል አንድ ሐሳብ ነው። ለቤት ወርክሾፕ የሚገዛ ኮምፕሬሰር መመዘን ያለበት በፈረስ ጉልበት ሳይሆን፣ በታወቀ ግፊት በደቂቃ በሚያቀርበው የአየር መጠን ነው፤ ይህም መጠን መሣሪያው በሚሠራበት ከፍታ የተለካ ወይም ለዚያ ከፍታ የታረመ መሆን አለበት። ሐሳቡ ለሙያው ሰው አዲስ አይደለም። አዲስ አለመሆኑ ግን ከገበያ ውስጥ ስለ መኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

የፈረስ ጉልበት ከጅምሩ የገበያ መለኪያ ነው። ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥላቸው የሚፈልጋቸው ሰዎች ሥራቸውን በፈረስ የሚያሠሩ ስለ ነበሩ፣ አንድ ፈረስ በደቂቃ የሚያከናውነውን ሥራ አስልቶ ሞተሩን ከፈረስ ጋር አነጻጸረላቸው። ዛሬ አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ በሜትሪኩ አቆጣጠር ደግሞ 735.5 ዋት። ልዩነቱ የሚያጣላ አይደለም። የሚያጣላው ቁጥሩ ከየትኛው የመሣሪያው ክፍል ላይ እንደ ተወሰደና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጸና አለመነገሩ ነው። ከመስመር የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ነውን? በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለማቋረጥ የሚገኘው ነውን? ወይስ ሞተሩ ተጨንቆ ሊቆም ሲቃረብ ለቅጽበት የሚያወጣው ጣሪያ? አንድ የኢንዳክሽን ሞተር ለቅጽበት የሚያሳየው ከፍተኛ የማዞር ጉልበት ሁልጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህን ጣሪያ በካርቶን ላይ ማተም አካላዊ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ጉልበት አንድም በር ቫርኒሽ አይቀባም።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ገበያ ያሳየው ትምህርት ሰጪ ነው። በዚያ አገር የተለመደው የቤት ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ነው፤ ከዚህ ሶኬት የሚገኘው ኃይል ቢበዛ 1,800 ዋት ነው። አንዳች ኃይል በሙቀት ሳይባክን ሁሉም ወደ ዘንጉ ቢደርስ እንኳ 2.4 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ከዚሁ ሶኬት ላይ ተሰክተው የሚሠሩ፣ 5 እና 6 የፈረስ ጉልበት የተጻፈባቸው ኮምፕሬሰሮች ለዓመታት ሲሸጡ ኖረዋል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በአምራቾች ላይ የጋራ ክስ እስከ መመሥረት ደርሷል። ሸማቹ ክስ ለመመሥረት የበቃው የሶኬቱን ቮልትና አምፔር አባዝቶ ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ማስተያየት ስለሚቻል ነው፤ ስሌቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው።

ያንኑ ስሌት ወደ አጎቴ ግቢ ላምጣው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። በሞተሩ ጎን የተለጠፈው ትንሽ የብረት ሰሌዳ 7 አምፔር ይላል። ሁለቱ ሲባዙ 1,540 ይሆናሉ። ለትንንሽ ባለ አንድ ፌዝ ሞተሮች በጎ ግምት የሆኑትን 0.9 ፓወር ፋክተርና 70 በመቶ ብቃት ብንወስድ፣ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው 970 ዋት ያህል ነው፤ ይህም 1.3 የፈረስ ጉልበት ነው። ስሌቱን ወደ ኋላ ብንሠራው ደግሞ፣ እውነተኛ 3 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በዚሁ ብቃት ከመስመሩ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ የአንድ ደህና ሶኬት የመጨረሻ አቅም ነው፤ ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበው ብዙ እጥፍ ሲታከልበት የቤቱ ብሬከር በየጊዜው በወደቀ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ከማንኛውም ሶኬት ላይ በሰላም መነሳቱ ራሱ ካርቶኑን የሚከስስ ምስክር ነው። ካርቶኑንና ሰሌዳውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሳሳየው አጎቴ «ታዲያ ሁለቱ ፈረሶች የት ሄዱ?» አለኝ።

ይሁንና ክርክሬ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «እውነተኛውን የፈረስ ጉልበት ይጻፉ» በሚል ጥያቄ ይጠቃለል ነበር። እኔ ከዚያ አልፌ፣ እውነተኛውም የፈረስ ጉልበት ቢሆን ለገዢው ዋናውን ነገር አይነግረውም እላለሁ። አየርን በባሕር ወለል ካለበት ሁኔታ በአንድ ደረጃ ወደ 7 ባር ለመጭመቅ፣ ሙቀቱ ወደ ውጭ ሳይወጣና ያለ ምንም ሰበቃ ይሠራል ብንል፣ አንድ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 157 ሊትር ያህል አየር ይጨምቃል። ትንንሾቹ መሣሪያዎች በቫልቭ፣ በቀለበትና በሰበቃ የሚያጡት ሲቀነስ በደቂቃ 100 ሊትርና ከዚያ በታች ይቀራል። ምን ያህል በታች እንደሆነ የሚወስነው የጭንቅላቱ አሠራር ነው። ሁለት አምራቾች አንድ ዓይነት ሞተር ገዝተው በአንዱ ላይ ጥሩ፣ በሌላው ላይ ደካማ ጭንቅላት ቢገጥሙ፣ የፈረስ ጉልበታቸው አንድ ሆኖ አየራቸው ይለያያል።

አንዳንድ ካርቶኖች የአየር መጠንም ይጽፋሉ፤ እዚህም ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፒስተኑ በደቂቃ የሚጠርገው የሲሊንደር ይዘት ነው። ለምሳሌ የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምላሽ 38 ሚሊ ሜትር፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 2,850 ቢሆን፣ ጠረጋው በደቂቃ 188 ሊትር ይመጣል። ይህ ግን ግፊት ሳይኖር በወረቀት ላይ የሚገኝ ቁጥር ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከራሱ በላይ በሚቀረው ጠባብ ክፍተት ውስጥ የተጨመቀ አየር ይታሰራል፤ ሲመለስም አዲስ አየር ከመሳቡ በፊት ይኸው የታሰረው አየር ተስፋፍቶ ቦታውን ይይዝበታል። የቋቱ ግፊት በጨመረ ቁጥር ይህ ጥፋት ይጨምራል። በ7 ባር ላይ ከጠረጋው ግማሹን ብቻ የሚያቀርብ መሣሪያ ብርቅ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባውና በእኛ አገር ጨርሶ የማይነሳው የከፍታ ጉዳይ ነው። ለኮምፕሬሰር መፈተኛ የሚያገለግለው አይ.ኤስ.ኦ 1217 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ውጤቱን የሚያሰፍረው የሚሳበው አየር 1 ባር፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ደረቅ እንደሆነ አድርጎ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው። ይህ ማለት ፒስተኑ በእያንዳንዱ ስበት የሚያስገባው አየር በክብደት ሲለካ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የቀነሰ ነው ማለት ነው። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በቋቱ መለኪያ ላይ 8 ባር ለማየት በባሕር ወለል አየሩ 8.9 ጊዜ መታጠፍ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 11.4 ጊዜ መታጠፍ አለበት። ቀደም ሲል ያነሳሁት በክፍተቱ የሚታሰረው አየር ችግርም ከዚሁ እጥፋት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከጭንቅላቱ የሚወጣው አየርም የበለጠ ይግላል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እኩል ክብደት ያለውን አየር ወደ 7 ባር ለማድረስ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል 15 በመቶ ያህል ትርፍ ጉልበት ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ ገምቼ ነበር። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። በእያንዳንዱ ምላሽ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ የሚሠራው ሥራ እንዲያውም ከባሕር ወለሉ በመጠኑ ያንሳል። ሸክሙ የሚመጣው በጊዜ በኩል ነው። በባሕር ወለል ሦስት ደቂቃ ሠርቶ የሚያርፈው ሞተር እዚህ አምስት ደቂቃ ሊሠራ ይችላል፤ በዚህ ላይ የሚያቀዘቅዘው አየር ስስ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ዓለም አቀፍ መስፈርት በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ያለ እርማት እንዲሠራ የሚፈቅደው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ መሆኑን ስናስታውስ፣ ከአገራችን ከተሞች ስንቶቹ ከዚህ ወሰን በታች እንደሚገኙ ማሰብ ተገቢ ነው። ድሬዳዋ እንኳ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ። ከጅቡቲ ወደብ የተጫነ ኮምፕሬሰር ደብረ ብርሃን ሲወርድ ካርቶኑ አልተለወጠም፤ መሣሪያው ግን ተለውጧል።

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? ላቦራቶሪ አያሻውም፤ የስልክ ሰዓትና የቋቱ መለኪያ ይበቁታል። በአጎቴ ግቢ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ቋቱን ባዶ አድርገን ውኃውን በሥሩ ቡሎን አፈሰስን፤ መሣሪያውን አስነስተን መርፌው 5 ባር ላይ ሲደርስ መቁጠር ጀመርን፤ 7 ባር ላይ አቆምን። ቋቱ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቅን ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ አማካዩ 80 ሴኮንድ ሆነ። የ50 ሊትር ቋት ግፊት በ2 ባር ሲያድግ የገባው አየር በባሕር ወለል ልክ 99 ሊትር ያህል ነው፤ በደቂቃ ሲሰላ 74 ሊትር። የመርጫው መመሪያ ደግሞ በደቂቃ 150 ሊትር ይጠይቃል። የጎደለው ግማሹ ነው። ቋቱ ከ7 ባር ወደ 4 ባር ሲወርድ የሚሰጠው ክምችት ወደ 150 ሊትር ስለሚጠጋ፣ ሞተሩ ሳያርፍ ቢሠራም ክምችቱ ጉድለቱን ሊሸፍን የሚችለው ለሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የበሩ መጠቃጠቅ ምክንያት ይኸው ነበር።

ይህ ፈተና ጉድለት አለው። አየሩ ሲጨመቅ ስለሚግል መለኪያው ከእውነቱ በመጠኑ ከፍ ያለ ግፊት ያሳያል፤ ርካሽ መለኪያዎችም ይዋሻሉ። ሁለቱም ስሕተቶች ቢደመሩ ግን 74ን 150 አያደርጉትም። ሻጩ ሱቅ ውስጥ መሰኪያ ካለ ደግሞ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ማድረግ ይችላል፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

የቋቱን ትልቅነት ከአቅም ጋር የማምታታት ልማድም አለ። 100 ሊትር ቋት አየር አያመርትም፤ የተመረተውን ያቆያል እንጂ። ምስማር ለሚመታ ወይም ጎማ ለሚሞላ ሰው፣ ሥራው ቆም እያለ የሚሄድ ስለሆነ፣ ቋቱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ የፈረስ ጉልበት ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ የበለጠውን መግዛት ብር ማባከን ነው። ያለማቋረጥ ለሚረጭ ወይም በአየር ለሚያለሰልስ ሰው ግን የሚወስነው በደቂቃ የሚመረተው መጠን ነው። የቮልቴጅ ጉዳይም እንዲሁ ይታሰብ። የኢንዳክሽን ሞተር የማዞር ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚለዋወጥ፣ ምሽት ላይ መስመሩ ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ ከሞተሩ የማስነሻ ጉልበት የሚቀረው 67 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ቀጭን ሽቦ ያለው ዲቫይደር ሲጨመርበት ሞተሩ እያጉረመረመ ሳይነሳ ይቀራል፤ ብዙ ሰዎችም «ኮምፕሬሰሩ ተቃጠለ» የሚሉት ከዚህ በኋላ ነው።

የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ገዢው የሚያውቀው የፈረስ ጉልበትን ነው፤ ነጋዴውም ከውጭ የመጣለትን ካርቶን ከማንበብ በቀር ሌላ መረጃ የለውም፤ አንድ ቀላል ቁጥር አስቀርቶ አምስት ውስብስብ ቁጥሮች ማስገባት ማንንም አይጠቅምም ይባላል። በመጨረሻው ነጥብ እስማማለሁ። ለዚህ ነው አንድ ቁጥር በአንድ ቁጥር ይተካ የምለው፤ ይኸውም በ7 ባር ግፊት፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ በደቂቃ የሚቀርበው የአየር መጠን ነው። ለዚህ የሚሆን የአፈታተን መስፈርት ስላለ አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የደረጃ አውጪው መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር በአስመጪዎች ላይ እንደ ግዴታ እንዲያስቀምጥ ነው። ነጋዴውን በሐሰት መክሰስ ግን አልፈልግም። ያነጋገርኳቸው ሻጮች በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የጠየቃቸው ገዢ አጋጥሟቸው እንደማያውቅ በግልጽ ነግረውኛል፤ ያልተጠየቀን ነገር የሚመልስ ገበያ ደግሞ የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የራሳችን የተመራማሪዎች ድርሻ ነው። የቴርሞዳይናሚክስ ላቦራቶሪያችን ባለ ሁለት ደረጃ ኮምፕሬሰር አለው፤ እያንዳንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የጠረጋ ብቃቱን ለክቶ ሪፖርት ያስገባል፤ ሪፖርቱም ውጤት ከተሰጠበት በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህን ጉዳይ ለማስተርስ ጥናት ሳቀርብ አንድ መምህሬ «ውጤቱ ከመጽሐፍ የሚታወቅ ነው» አሉኝ። አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ አልስማማም። ቀመሩ ከመጽሐፍ ይታወቃል፤ በገበያችን ያሉት ትንንሽ መሣሪያዎች በከፍታ ላይ በእርግጥ ምን ያህል አየር እንደሚሰጡ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። ሦስትና አራት ዓይነት መሣሪያዎችን በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ፈትኖ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ማውጣት በአንድ የትምህርት መንፈቅ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አጎቴ ኮምፕሬሰሩን አልሸጠውም። አፉ ጠባብ የሆነና በደቂቃ ከ100 ሊትር በታች የሚጠቀም መርጫ ገዛ፤ አንድ በር ረጭቶ ቋቱ እስኪሞላ ሌላውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቀብዱን ያስመለሰው ደንበኛ ግን አልተመለሰም።

ፈተናውን በየአካባቢያችሁ ለመድገም የምትፈልጉ ባልደረቦች ከሰዓቱ ቁጥር ጋር የቋቱን ትክክለኛ ይዘት፣ የቦታውን ከፍታ፣ በሥራ ላይ እያለ የሚለካውን ቮልቴጅ፣ የሞተሩን ሰሌዳ አምፔርና ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት አብራችሁ ብትመዘግቡ፣ በሚቀጥለው ዕትም ጎን ለጎን ልናስቀምጣቸው እንችላለን።